እውነት ወይስ ተረት? «እሱ ራሱ ካልፈለገ ቤተሰብ ምን ያደርጋል?»

በቤቷ ሱስ የገባባትን ጎረቤት ስናጽናና ብዙዎቻችን የምንለው ተመሳሳይ ነው፤ «እሱ ራሱ ካልፈለገ ምን ታደርጊዋለሽ? ለፈጣሪ ስጪው»። በቅንነት ነው የምንለው፤ እንዳትጨነቅ ብለን። ሰሚዋ ግን ወደ ቤቷ የምትመለሰው ከመጣችበት የባሰ ተስፋ ቆርጣ ነው፤ እስከ ዛሬ የለፋችው ሁሉ ከንቱ እንደነበረ፣ ወደፊትም የምትችለው ነገር እንደሌለ ነግረናታልና።

የዚህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ማንም ሰው ሌላውን በጉልበት፣ በለቅሶም ሆነ በእርግማን ከሱስ ማላቀቅ አይችልም። ግማሹ ግን ተረት ነው። ቤተሰብ ሱስ የያዘው ሰው ወደ ሕክምና የሚሄድበትን መንገድ ሊያቀርብለት ይችላል። ከዚያም በላይ፣ ሰውየው አቆመም አላቆመም፣ የራሱን እንቅልፍ፣ ጤናና ሰላም መልሶ ማግኘት ይችላል። ይህ ሁለተኛው ነገር በየቤቱ ስለማይነገር ነው ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት። «እሱ» ስል «እሷ»ንም ማለቴ ነው። ሱስ ስልም ጫቱን፣ መጠጡን፣ ሐሺሹን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጠውን ትራማዶል፣ ሁሉንም ነው።

ነገሩ የጥቂት ቤቶች ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሀገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ የሚሆኑት ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። የቃመ ሁሉ፣ የጠጣም ሁሉ ሱሰኛ ነው ማለት አይደለም። ሱስ የምንለው ሰውየው እየተጎዳ፣ ላቁም ሲልም እያቃተው ሲቀጥል ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ግን ብቻውን አይጎዳም። የቤተሰብን ሥቃይ ለረጅም ዓመታት ያጠኑት እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጂም ኦርፎርድና ባልደረቦቻቸው በቤተሰባቸው አባል ሱስ የሚጎዱ አዋቂዎች በዓለም ዙሪያ፣ ዝቅ ተደርጎ ሲገመት እንኳ፣ 100 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ጽፈዋል። እንግዲህ ስለነዚህ ሰዎች በሰፈራችን የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«ወላጆቹ በሥርዓት ቢያሳድጉት ኖሮ»

ሰው ይህን የሚለው ብዙውን ጊዜ ከጀርባ ነው፤ ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ፣ ወይም ቡና ሲጠጣ። ባል ከሆነ ደግሞ «እሷ ብትይዘው ኖሮ» ይባላል። እናትየዋም ውላ አድራ ታምነዋለች፤ «የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?» እያለች ሌሊቱን ታነጋለች።

እውነቱ ሌላ ነው። በመጠጥ ሱስ ላይ መንትዮችንና በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆችን ተከትለው የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በሰዎች መካከል ለሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት ግማሽ ያህሉን የሚይዘው በዘር የሚተላለፍ ባሕርይ ነው። የቀረውን ዕድሜ፣ ጓደኛ፣ የደረሰበት ሐዘን፣ ድብርት፣ ሥራ ማጣት፣ ነገሩ በቅርብና በርካሽ መገኘቱ ይጋሩታል። አስተዳደግ ከብዙዎቹ አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። በአንድ ማዕድ ካደጉ ወንድማማቾች አንዱ ሲያዝ ሌላው ነፃ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያስወጣው፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥንም የከለከለው፣ የወላጅ ምክር ብቻውን እንደማይበቃ ስለሚታወቅ ነው።

ታዲያ ተረቱ ለምን አይሞትም? ለተናጋሪው እፎይታ ስለሚሰጥ ነው። «እሷ በደንብ ስላላሳደገች ነው» ብዬ ካመንኩ፣ እኔ በደንብ እያሳደግሁ ነኝና የኔ ልጅ አይነካም ማለት ነው። ፍርሃታችንን የምናስታግሰው በሌላ ሰው እናት ትከሻ ላይ ነው። ኦርፎርድና ባልደረቦቻቸው በሜክሲኮ ሲቲ፣ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝና በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ቤተሰቦችን አነጋግረው ያገኙት በየትም ቦታ የሚመሳሰል ሕይወት ነው፤ ስጋት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የገንዘብ ጭንቀት፣ ግራ መጋባት። የደረሱበትም መደምደሚያ እነዚህ ሰዎች ከባድ ነገር የገጠማቸው ተራ ሰዎች መሆናቸውን የሚናገር ነው። ጥፋተኛ ተብለው ሊፈረጁ አይገባም።

«ገበና ነው፤ ከቤት አይውጣ»

ምክሩ የታወቀ ነው፤ ለማንም እንዳትናገሩ፣ ስማችሁ ይጠፋል፣ የእህቱ ትዳር ይሰናከላል። ይህ ፍርሃት ከባዶ አልመጣም። ሐሜቱ እውነት ነው፤ በሰው ቤት ገበና የሚጫወት ጎረቤትም አለ። ስለዚህ «ሂዱና ለሁሉም ንገሩ» አልላችሁም።

ነገር ግን ለሁሉም አለመናገርና ለማንም አለመናገር ይለያያሉ። ምስጢሩ ሙሉ በሙሉ ሲታፈን ሱሱ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው የቤተሰቡ ዘመድና ወዳጅ ነው። መጀመሪያ እንግዳ መጥራት ይቀራል፣ ቀጥሎ ማኅበር መሄድ፣ ቀጥሎ ሠርግና ክርስትና። ከጥቂት ዓመት በኋላ እናትየዋ ሱስ ከያዘው ልጇ ይልቅ ብቸኛ ሆና ትገኛለች፤ እሱ ቢያንስ አብረውት የሚቅሙ ጓደኞች አሉት።

እንግሊዝ ሀገር ኦርፎርድና አሌክስ ኮፔሎን የመሳሰሉ ባለሙያዎች ለቤተሰብ ያዘጋጁት ባለ አምስት ደረጃ እገዛ የሚጀምረው በጣም ቀላል ከሚመስል ነገር ነው፤ የቤተሰቡ አባል ሳይወቀስ የሆነውን ሁሉ እንዲናገር ማድመጥ። ከዚያ ስለ ሱሱ ትክክለኛውን መረጃ መስጠት፣ እስከ ዛሬ ነገሩን እንዴት እንደያዘው አብሮ ማየት፣ በዙሪያው ማን ሊረዳው እንደሚችል መፈለግ፣ የጎደለ ካለም ወደሚመለከተው መምራት ነው። ይህን የመጀመሪያውን ደረጃ ማንኛችንም ልናደርገው እንችላለን። እናንተም ምስጢር የሚይዙ አንድ ሁለት ሰዎች ምረጡ፤ እህት ትሁን፣ የንስሐ አባት ወይም የመስጊዱ ሼኽ፣ የእድር ጓደኛ። ስለ እሱ ብቻ አትናገሩ፤ ስለ ራሳችሁም ተናገሩ።

«ሚስት እናጋባው፤ ይሰክናል»

ይህ ተረት ብዙ ቤት አፍርሷል፤ ሆኖም አሁንም ሽማግሌ ያስልካል። የሚቆየው ደግሞ ጥቂት እውነት ስላለው ነው። ብዙ ወጣት ወንዶች ትዳርና ልጅ ሲመጣ ከጓደኛ ጋር የሚያሳልፉትን ጊዜ ይቀንሳሉ፤ መጠጡና ጫቱም አብሮ ይቀንሳል። እነዚህን ሁላችንም እናውቃቸዋለንና «እገሌ ሲያገባ አልተወም?» እንላለን።

እገሌ የተወው ግን ብዙውን ጊዜ ሱስ ስላልያዘው ነው። ሃራራው ከአልጋ የሚያስነሳውን፣ ደመወዙን ከመድረሱ በፊት የሚበላበትን ሰው ትዳር አያክመውም። የሚሆነው የተጎጂው ቁጥር መጨመር ነው፤ ትናንት እናት ብቻዋን ትሸከመው የነበረውን ዛሬ አንዲት ወጣት ሴት፣ ነገ ደግሞ ልጆቿ ይሸከሙታል። ልጅቷ ሳታውቅ ከገባችበት ደግሞ በደል ነው። ልጃችሁ መዳር ያለበት ሲያገግም ነው፤ ያን ጊዜም ሙሽራዋ ታሪኩን አውቃ፣ ፈቅዳ ትግባ።

«መሬት ሲነካ ራሱ ይነቃል፤ እስከዚያ አትንኩት»

ይህ ጥበብ ይመስላል፤ ብዙ ያገገሙ ሰዎችም ይመሰክሩለታል። «ቤቴ ሲፈርስ ነው የነቃሁት» የሚል ሰው ስንሰማ ሁሉም እንደሱ መፍረስ ያለበት ይመስለናል። ነገር ግን የሚመሰክሩልን በሕይወት የተረፉት ብቻ ናቸው። መሬት ሲነኩ ያልተነሡት፣ በጉበት በሽታ፣ በመኪና አደጋ፣ ራሳቸውን በማጥፋት ያለፉት ቀርበው አይመሰክሩም። ሱስም እንደ ማንኛውም ሕመም ቶሎ ሲያዝ ይቀላል።

ቤተሰብ ቶሎ ሊይዘው የሚችልበት መንገድ ደግሞ አለ። በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ማየርስና ባልደረቦቹ ሕክምና እምቢ ያለውን ሰው ትተው ቤተሰቡን የሚያሠለጥኑበት ዘዴ አዳበሩ፤ ክራፍት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ሕክምና አልቀበልም ያሉ ጠጪዎች ያሏቸውን 130 የቤተሰብ አባላት ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ክራፍትን ተማረ። ሁለተኛው ቤተሰብና ወዳጅ ተሰብስቦ ሰውየውን ፊት ለፊት ለማናገር ተዘጋጀ፤ የእኛን ሽማግሌ ሰብስቦ ማፋጠጥ የሚመስል ነው። ሦስተኛው ጠጪውን ትተው ራሳቸውን እንዲያረጋጉ የሚያስተምረውን የአል-አኖን መንገድ ተከተለ። ውጤቱ፣ በክራፍት ከተማሩት ቤተሰቦች በ64 በመቶው፣ በማፋጠጡ በ30 በመቶው፣ በሦስተኛው በ13 በመቶው ቤት ጠጪው ሕክምና ጀመረ። በማፋጠጡ ቡድን የነበሩ አብዛኞቹ ቤተሰቦች ስብሰባውን ሳያደርጉ ነው የተዉት።

ከዚህ ጥናት ብዙ ጊዜ የማይነገረው ክፍል ግን ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። በሦስቱም ቡድን የቤተሰቡ አባላት ራሳቸው ተሽሏቸዋል። ጠጪው ሕክምና በጀመረበትም ባልጀመረበትም ቤት ሰዎቹ ቀለል አላቸው። እገዛ ማግኘታቸው ብቻውን ጠቀማቸው።

ዘዴው በቤት ውስጥ ምን ይመስላል? በመጀመሪያ ጊዜ መምረጥ ነው። ሰክሮ ሲገባ፣ ሃራራ ላይ ሳለ ወይም በምርቃና ላይ ቁም ነገር አይወራም፤ በምርቃና የተገባ ቃልም ጠዋት አይገኝም። አእምሮው ረጋ ሲል፣ በአጭሩ፣ ያለ ስድብ ይነገረዋል፤ «ትናንት ሳትጠጣ አብረን እራት በመብላታችን ደስ ብሎኛል። ስትጠጣ እፈራለሁ፤ እንቅልፍም አይወስደኝም። ሐኪም ማየት ከፈለግህ ነገ ጠዋት አብሬህ እሄዳለሁ።» ሁለተኛ፣ ያልጠጣበትና ያልቃመበት ሰዓት እንዲጥመው ማድረግ ነው፤ የሚወደው ወጥ፣ ጨዋታና ፈገግታ ለዚያ ሰዓት ይሁን። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ሰክሮ ሲመጣ ሁላችንም ዙሪያውን እንከበዋለን፣ ደህና ሲሆን ደግሞ ያለፈውን እያነሣን እንወቅሰዋለን። ሦስተኛ፣ ሕክምናው የት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማወቅ ነው። «እሺ» የሚልባት ቀን ስትመጣ ፍለጋ የሚጀመርባት መሆን የለባትም። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታልና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ክፍል ይታወቃሉ፤ በሌላ ከተማ ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ያለውን ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ከወዲሁ ጠይቁ።

«ገንዘብ ካልሰጠሁት ይሰርቃል፤ ካልሸፈንኩለት ከሥራ ይባረራል»

ይህን የሚሉ እናቶች ሞኞች አይደሉም። ትናንት አልሰጥም ብለው የቤቱ ዕቃ ተሸጧል። ልጃቸው በሰው እጅ እንዳይመታ፣ እንዳይታሰር ብለው ነው የሚሰጡት። ፍቅርም ፍርሃትም አለበት፤ ለዚህም ነው ተረቱ የማይለቀው።

ሆኖም ዕዳውን ሁልጊዜ እናንተ ከከፈላችሁ፣ ለአለቃው «አሞት ነው» ብላችሁ እናንተ ከደወላችሁ፣ የሱሱን ሒሳብ የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ፤ እሱ ጋ አይደርስም። ሰውየው ጉዳቱን ራሱ እንዲያይ መተው ጭካኔ አይደለም። ምግብ፣ ማደሪያና ሕክምና አይከልከል፤ ጥሬ ገንዘብና ውሸት ግን ይቁም። የትራንስፖርት ሲጠይቅ አብራችሁ ሂዱ፤ ልብስ ሲጠይቅ ራሳችሁ ግዙ። በአንድ ቀን ሁሉንም ማቆም ካቃታችሁ በአንዱ ጀምሩ፤ የጀመራችሁትን ግን አትመልሱ። አባት የከለከለውን እናት በጓዳ ከሰጠች ደግሞ ምንም አልተከለከለም፤ ቤተሰቡ አስቀድሞ አንድ ቃል ይሁን።

«ቆልፎ ማስተው ነው፤ ወይም ገጠር መላክ»

ሰው «ሦስት ቀን ቢቆለፍበት ይወጣለታል» ይላል። ተስፋ የቆረጠ አባት ይህን ቢያስብ አይፈረድበትም። ከሁሉም ተረቶች ግን ሰው ሊገድል የሚችለው ይህ ነው።

ለዓመታት በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲከለከል በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ የልብ መምታት ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በዚያ አካባቢ ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳትና ግራ መጋባት ይይዘዋል፤ ሕክምና ካላገኘ ሊሞት ይችላል። ይህ በሆስፒታል እንደ ዳያዚፓም ባሉ መድኃኒቶችና በቫይታሚን ቢ1 በክትትል የሚታከም ነው። ስለዚህ ከባድ ጠጪ የሆነ ዘመዳችሁ ላቁም ቢል እንኳ በመጀመሪያ ሐኪም ይየው። የጫት ይለያል፤ ሲቋረጥ ድካም፣ እንቅልፍ፣ ድብርትና ሌሊት የሚያስጨንቅ ዱካክ ያመጣል እንጂ እንደ መጠጡ በድንገት አይገድልም፤ ድብርቱ ከበረታ ግን እሱም ሐኪም ይፈልጋል። ያለ እሱ ዕውቀት መጠጥ የሚያስጠላ መድኃኒት በምግቡ መጨመርም አይሞከር። ለዚህ የሚታዘዘው ዳይሰልፊራም ሰውየው ሳያውቅ ከላዩ ከጠጣበት የደም ግፊቱን አውርዶ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ገጠር መላክም ሆነ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን እንደሚያደርጉት ልጅን ወደ ሀገር ቤት መላክ፣ ከጓደኛ ያርቃል፤ ለጊዜውም ሊያሳርፍ ይችላል። ልጁ ሲመለስ ግን ያው ሰፈር፣ ያው ስልክ ቁጥር ይጠብቀዋል። በሄሮይንና በፈንታኒል ደግሞ አንድ ትልቅ አደጋ አለ፤ ሰውነቱ ለወራት ካረፈ በኋላ የድሮውን መጠን ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች ይህን ልብ በሉ። በእነዚህ ዕፆች ትንፋሹ የቆመን ሰው የሚመልሰው የናሎክሶን የአፍንጫ ርጭት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቅዷል፤ ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡት፤ ከሰጣችሁትም በኋላ ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ።

«ጸበል ከጀመረ ሐኪም አያስፈልገውም»

በዚህ ላይ መናገር የሚፈራ ብዙ ነው፤ እኔ ግን በአክብሮት ልናገር። ጸበል ቦታ ሄደው ከሱስ የተላቀቁ ሰዎች አሉ፤ ጸሎት፣ ጾም፣ ከመጠጥ ቤት መራቅና የሚያበረታ ሰው መኖሩ ኃይል እንደሚሰጥ ማንም አይክድም። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ ዱዓና የመስጊድ ሽማግሌዎች ምክርም እንዲሁ ነው። ተረቱ ያለው «ወይ ይኼ ወይ ያ» በሚለው ላይ ነው። በኤች አይ ቪ ጊዜ መድኃኒት እየጣሉ ጸበል የሚሄዱ ሲበዙ፣ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንና ጸበሉን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ለሱስም ያው ነው። ከባድ ጠጪ ከሆነ ወደ ጸበሉ ከመሄዱ በፊት ሐኪም ይየው፤ የታዘዘለት መድኃኒት ካለም ይዞ ይሂድ።

«ልጆቹ አይገባቸውም» እና «የመታት መጠጡ ነው»

ልጆች ይገባቸዋል። አባት በር ሲከፍት ከእርምጃው ድምፅ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ የስድስት ዓመት ልጅ አለ። ያልተነገረው ልጅ የራሱን ምክንያት ይፈጥራል፤ ብዙ ጊዜም «እኔ ስላስቸገርኩ ነው» ይላል። በዕድሜው ልክ ሦስት ነገር ይነገረው፤ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ፣ አባቱን ማዳን የእሱ ሥራ እንዳልሆነ፣ ሲፈራ ሊያዋራው የሚችል ትልቅ ሰው ማን እንደሆነ። ትምህርቱ፣ ጨዋታውና የእራት ሰዓቱ ሳይዛነፍ እንዲቆይ ማድረግም ትልቅ መድኃኒት ነው።

«ሰክሮ እንጂ እሱ'ኮ አይመታትም» የሚለውን ደግሞ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሰክረው እጃቸውን የማያነሡ ብዙ ናቸው። መጠጥ ለዱላ ይቅርታ አይሆንም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን ወንጀል አድርጎታል። ከላይ ያልኳችሁ የመነጋገር ዘዴ ሁሉ ዱላ ባለበት ቤት ከደህንነት በኋላ የሚመጣ ነው። መሄጃ ቦታ፣ ሰነዶችና ጥቂት ገንዘብ ይዘጋጁ፤ አንድ ጎረቤት ይወቅ። መራቅ ክህደት አይደለም።

«እሱ ሲድን ሁላችንም እንድናለን»

የመጨረሻው ተረት ከሁሉ የዋህ፣ ከሁሉም ከባድ ነው። እናትየዋ የራሷን የደም ግፊት ክኒን ትረሳለች፤ «እሱ ይሻለው እንጂ የኔስ ይደርሳል» ትላለች። ባህላችንም ራሷን የረሳችን እናት ያመሰግናል፤ ለዚህ ነው ተረቱ ሥር የሰደደው። ራሷን ብታስብ ልጇን የከዳች ይመስላታል።

እውነቱን በሰሜን ካሊፎርኒያ የሕክምና መዝገቦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ሱስ የያዘው ሰው ያለባቸው ቤተሰቦች ከሌሎች ቤተሰቦች ይልቅ ለድብርት፣ በሰውነት ላይ ለሚደርስ ጉዳትና ለሌሎች ሕመሞች ሐኪም ቤት ይመላለሳሉ። የእናንተም ሕመም ሕመም ነው፤ ተራ አይጠብቅም። ደግሞም ማገገም ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም። የአሜሪካው ብሔራዊ የሱስ ጥናት ተቋም እንደሚለው ከታከሙት ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ተመልሰው ይጠቀማሉ፤ ይህም የደም ግፊትና የአስም ሕመምተኞች ሕመማቸው ከሚያገረሽበት መጠን አይበልጥም። ስለዚህ ሲመለስበት ሕክምናው ከሸፈ አትበሉ፤ ሕክምናው መስተካከል አለበት ማለት ነው። የእናንተ ሰላም ግን በእሱ መነሣትና መውደቅ ላይ ከተንጠለጠለ፣ እሱ በወደቀ ቁጥር ሙሉ ቤተሰብ አብሮ ይወድቃል። ማን ያነሣዋል ታዲያ?

ቤታችሁ ሱስ ካለ፣ በዚህ ሳምንት ለራሳችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። ያቋረጣችሁትን አንድ ነገር ቀጥሉ፤ ማኅበሩን፣ የጠዋት ቅዳሴውን፣ የእህታችሁን ቤት። እምነት ለምትጥሉበት ለአንድ ሰው ያለባችሁን ንገሩ። ጤና ጣቢያ ሂዱና «እኔ ነኝ ያመመኝ፤ እንቅልፍ የለኝም» በሉ፤ ልጃችሁን ይዛችሁ መሄድ አያስፈልግም።

ጎረቤት ለሆንነው ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ከእንግዲህ «እሱ ካልፈለገ ምን ታደርጊዋለሽ?» ማለታችንን እንተው፤ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብለን እንጠይቃት፤ ስትመልስልንም ሳንፈርድ እስከ መጨረሻው እናድምጣት።